የሐጂ አብደላ ምሳ

እኔ ጫማ ተራ ተወልጄ ያደግኩ ልጅ ነኝ። አፍ የለሽም ተብዬ አላውቅም። እናቴ ጠሂራ ሱቁን ለኔ ጥላ ለሶላት ስትሄድ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ ነጋዴ ሦስት ደርዘን ጫማ በግማሽ ዋጋ ሊወስድ ሲሞክር፣ እየሳቅኩም እየተቆጣሁም ልኩን አሳይቼው የምልክ ነበርኩ። ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ስለዚህ ነርስ ሆኜ መሳለሚያ ካለው የሕክምና ማዕከል ስቀጠር፣ «ኢክራ እንኳን ሐኪም ሚኒስትርም አትፈራ» ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። እኔም አምኜ ሳቅኩ። ምን አውቄ!

ማዕከሉ ከብርድ ልብስ ሱቆች በላይ ያለ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሥር አልጋ አለው። ከሥር የተሸካሚው «ዞር በል!» እና የረዳቱ ጩኸት ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ ይወጣል። እኔ የሦስት ወር ሙከራ ላይ ነበርኩ። የነርሶች አለቃ ሲስተር ፋናዬ ናቸው፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩ፣ በእግራቸው ድምፅ ብቻ ሰው የሚያስነሱ ሴት። ከእሳቸው በላይ ዶክተር ሀብተሚካኤል አለ። ጎበዝ ሐኪም ነው፤ ይህን አልክድም። አሁን «ነው» እያልኩ በድፍረት የማወራው አጠገቤ ስለሌለ ነው። ፊቱ ስቆምማ «እርስዎ» የሚለውን ቃል እንኳ አውጥቼ መጨረስ ያቅተኝ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በገባሁ በአራተኛው ቀን ነው። ጠዋት ራውንድ ላይ አንዲት በሽተኛ ትንፋሽ ሲያጥራት አየሁና «ዶክተር፣ ሳንባዋ ውሃ የቋጠረ ይመስለኛል» አልኩት። ቆመ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለው።

«ለማን ነው የመሰለው?»

«ለ... ለእኔ።»

«የት ነው የተማርሽው?»

ነገርኩት። ፎቅ ተከራይቶ የሚያስተምር የግል ኮሌጅ ነው። ስሙን ስጠራ ከኋላው የቆሙት ሁለት ነርሶች ተያዩ።

«ስሚ ሲስተር። እዚህ ቤት የሚመስለው ለእኔ ነው። አንቺ ቁጥር ንገሪኝ። ግፊት ስንት፣ ሙቀት ስንት፣ ስኳር ስንት። ከዚያ በኋላ አፍሽን ያዢ።»

በሽተኛዋ ራሷ ሳቀች። ትንፋሽ አጥሯት እንኳ ሳቀች! እኔ ኩም አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባልደረቦቼ ስሜን ትተው «ሲስተር ይመስለኛል» አሉኝ። «ሲስተር ይመስለኛል፣ የሻይ ሰዓት የደረሰ አይመስልሽም?» እየተባልኩ ከረምኩ። በማግስቱ ራጁ ሲወጣ የሴትዮዋ ሳንባ ውሃ ቋጥሮ ተገኘ። ማንም ምንም አላለኝም። እኔም አላልኩም። ቁጥር መንገር ጀመርኩ። መቶ ሠላሳ በሰማንያ፣ ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሁለት፣ አለቀ። ቤት ስገባ እናቴ «ምነው ዝም አልሽ?» ስትለኝ በእሷ ላይ እጮህ ነበር። የዋልኩበትን ሁሉ የምወጣው በእሷ ላይ ነበር፣ አፈር ልብላ።

ሐጂ አብደላ የገቡት ረመዳን በገባ በስድስተኛው ቀን ነው። እህል በረንዳ ጆንያ በመሸጥ አርባ ዓመት የኖሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀልድ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። የቆየ ስኳር አለባቸው። ግራ እግራቸው ላይ የወጣው ቁስል አመርቅዞ በደም ሥር መድኃኒት ሊሰጣቸው ተኙ። ዶክተሩ ገና እንዳያቸው «ሐጂ፣ ጾም የለም። ኢንሱሊን እየወሰዱ ቀኑን ሙሉ አለመብላት ራስን መግደል ነው» አላቸው።

«እሺ ዶክተር። አላህ ይስጥልኝ» አሉት።

ያ «እሺ» ምን ዓይነት እሺ እንደሆነ እኔ ወዲያው ገብቶኛል። የመርካቶ ነጋዴ በዋጋው ሳይስማማ ሲቀር፣ ሰውየውን በሰላም ለማሰናበት የሚለው እሺ ነው። ዶክተሩ ግን ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

ልጃቸው ዘኪያ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ ታመጣለች። የጆንያውን ሱቅ ብቻዋን ስለያዘች ቁጭ ብላ ልታበላቸው ጊዜ የላትም፤ ምሳ ዕቃውን አስቀምጣ፣ ግንባራቸውን ስማ፣ ደረጃውን እየሮጠች ትወርዳለች። በሁለተኛው ቀን አንሶላ ልቀይር ስል የኮመዲኖው በር ተከፈተና ምሳ ዕቃውን አየሁት። ክዳኑን አነሳሁት። ሾርባው ሞልቷል፤ ሥጋው እንዳለ ነው።

«ሐጂ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ቀስ በይ የኔ ልጅ። ሰው አይስማሽ።»

«ጾመዋል እንዴ?»

«ስልሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላፈረስኩም። አሁን ለአንድ እግር ብዬ?»

«ሐጂ፣ የታመመ ሰው ግዴታ የለበትም እኮ! እርስዎ ይህን ከእኔ ነው የሚሰሙት?»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።» እጄን ያዙ። እጃቸው የጆንያ ገመድ ያደነደነው ነው። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የጠሂራ። ጫማ ተራ።»

«የጠሂራ ልጅ! አባትሽን የቀበርነው እኮ እኛ ነን።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ተይኝ ልጄ። ፀሐይ ገብታ መግሪብ ሲል እበላዋለሁ፤ ከመንጋቱ በፊትም እቀምሳለሁ። ለሐኪሙ ብቻ እንዳትነግሪ። አደራ።»

አደራ ከተባለ በኋላ እንግዲህ ምን ይባላል? አንጀቴን በሉኝ። እኔም ጾመኛ ነኝ፤ አፌ ደርቆ፣ እግሬ ዝሎ ነው የቆምኩት። ሰውየው ስልሳ ዓመት የጠበቁትን እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ላስፈታቸው? ደግሞስ ልናገር ብል ለማን? «ዶክተር፣ ሐጂ የጾሙ ይመስለኛል» ልበለው? የእያንዳንዱ በሽተኛ አልጋ ግርጌ የሚንጠለጠል ቅጽ አለን፤ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ተብሎ ይሞላል። «ቁርስ» እና «ምሳ» ከሚሉት ፊት «በልተዋል» ብዬ ጻፍኩ። የሚገርመው ውሸት አልመሰለኝም። ያው ማታ ይበሉታል፣ የሰዓት ጉዳይ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

በማግስቱም ጻፍኩ። ከዚያም በማግስቱ። ጎን ካለው አልጋ የተኛው ቦጋለ የሚባል እግሩ የተሰበረ የታክሲ ሹፌር ነው። እሱም ሁዳዴን ይጾማል፤ ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ገጥመዋል። «ሐጂ፣ እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮዬን ልበላ ነው፤ እርስዎ ፀሐይዋን ይጠብቋት!» እያለ ይቀልድባቸዋል። ሐጂም «አንተ ጾም ሳይሆን ምሳ ሰዓት ነው ያሳለፍከው» ይሉታል። ክፍሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ክፍሉ ሁሉ የሚያውቀው፣ ሐኪሙ የማያውቀው ነገር ሆነ።

በአምስተኛው ቀን ዶክተሩ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ስለሚሠራ ይቸኩላል።

«ስኳር?»

«ሁለት መቶ ዘጠና።»

«አሁንም?» ቅጹን አነሳና አገላበጠው። «ቁርስ በልተዋል፣ ምሳ በልተዋል። መልካም። እንግዲያው ኢንሱሊኑ አንሷቸዋል። ቁስሉም ለዚህ ነው የማይደርቀው።»

ሐጂ በዓይናቸው ፈለጉኝ። ልመና ነበር ዓይናቸው ላይ። አፌን ከፈትኩ፤ ወላሂ ከፈትኩ።

«ዶክተር...»

«እ? ሌላ ቁጥር አለሽ?»

«አይ... ማለቴ...»

ከኋላ አንደኛዋ ነርስ «መሰላት» ብላ ሹክ አለች፤ ሌላዋ አፏን በእጇ ያዘች። ምላሴ ተሳሰረ። ጫማ ተራ ላይ አሥር ደላላ ዝም ያሰኘው ምላሴ!

«ቁጥር ካልሆነ ጻፊ። አሥራ አራት ዩኒት አሁን» አለና ወጣ።

መርፌውን ይዤ አልጋው አጠገብ ከመቆሜ በፊት ሲስተር ፋናዬ ዘንድ ሄጄ ነበር። ይህን ለራሴ ጥብቅና ብዬ አይደለም የምናገረው፤ እንዴት እንደሄድኩ ስሙኝ። «ሲስተር፣ አንድ በሽተኛ በደንብ ባይበላና ኢንሱሊን ቢታዘዝለት...» አልኳቸው። አንድ በሽተኛ! ስም እንኳ አልጠራሁም።

ከጽሑፋቸው ቀና ሳይሉ «ቅጹ ላይ ምን ይላል?» አሉኝ።

«በልተዋል ይላል።»

«ታዲያ ምን ያጨናንቅሻል? ሂጂ፣ አራት ቁጥር ቁስሉ አልታጠበም።»

ሄድኩ። በገዛ እጄ ወጋኋቸው። ሐጂ «ቢስሚላህ» አሉና ሆዳቸውን ሰጡኝ። «እጅሽ ቀላል ነው» ብለውም መረቁኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ሌላ ክፍል ሳለሁ የቦጋለ ጩኸት ተሰማ። «ሲስተር! ኧረ ሲስተር! ሐጂ እየዘባረቁ ነው!» ሮጬ ስገባ ላብ አጥምቋቸዋል፤ ትራሱ ርሷል። ከሞቱ ስንት ዓመት የሆናቸውን ባለቤታቸውን እየጠሩ በሩን ዝጊ ይላሉ። ስኳር በውሃ በጥብጬ ብርጭቆውን ከንፈራቸው ላይ አስጠጋሁ።

«ሐጂ ይጠጡልኝ። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጉረሱልኝ።»

ጥርሳቸውን ገጠሙ። ከዚያ ሁሉ መዘባረቅ መሃል አንዲት ነገር ብቻ አልጠፋቸውም። «አዛን አላለም» አሉኝ።

«አልሰሙም እንጂ ብሏል!» ብዬ ዋሸሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ውሃው በአገጫቸው ወርዶ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። ጣታቸውን ወጋሁና ለካሁ፤ ከሰባ መውረድ የለበትም። ሠላሳ አራት።

ተማሪ ሳለሁ ይህ ጥያቄ ፈተና ላይ ቢመጣ ዓይኔን ጨፍኜ እመልሰዋለሁ፤ የደም ሥሩ ክፍት ነው፣ ግሉኮስ ስጪ፣ ከዚያ ደውይ። እዚያ ቤት ግን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ መርፌ የነካ ነርስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጽፉበታል፤ እኔ ደግሞ ሙከራ ላይ ነኝ። ደወልኩ። ሁለት ጊዜ ጠርቶ አነሳው።

«ዶክተር፣ ሐጂ አብደላ ስኳራቸው ሠላሳ አራት ነው።»

«ስንት?»

«ሠላሳ አራት። ያልባቸዋል፣ ይዘባርቃሉ...»

«አይሆንም። በዚህ መጠን እንዲህ አይወርድም። ምሳ በልተዋል አይደል?»

እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ተመልሼ ቆሜያለሁ! አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገኝ። ዘበኛው የሚላት፣ ሕፃን ልጅ የሚላት ቃል። አይ። አልበሉም። እሱን ብል ግን ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ አራት ቀን የዋሸሁት እኔ ነኝ።

«አዎ ዶክተር» አልኩት።

«እንግዲያው መለኪያው ነው። ጣቱን በደንብ ጥረጊና በሌላ መለኪያ ድገሚ። ከዚያ ደውይልኝ።» ዘጋው።

ሌላው መለኪያ ምድር ቤት ነው ያለው። ወረድኩ። የያዘችው ልጅ ቁልፍ ፈለገች። ወጣሁ። ሃያ አንድ። ስደውል መስመሩ ተይዟል፤ ደግሜ ስደውል ተይዟል። ሦስተኛውን ስሞክር የአልጋው ብረት ከሐጂ ጋር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲስተር ፋናዬ በሩ ላይ ደረሱ፤ አንድ ጊዜ አዩአቸው፣ አንድ ጊዜ አዩኝ፣ ትዕዛዝ ሳይጠብቁ ግሉኮሱን ስበው ገፉት። «ምን ስትጠብቂ ነው አንቺ!» አሉኝ። ቦጋለ አልጋው ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ ያለቅሳል። የመግሪብ አዛን የተሰማው ሐጂን በአምቡላንስ ጭነን ከበሩ ስንወጣ ነው።

ዓይናቸውን አልገለጡም። በትልቁ ሆስፒታል ሁለት ቀን ቆይተው በሦስተኛው ሞቱ።

ከቀብሩ በኋላ በአምስተኛው ቀን ዶክተር ሀብተሚካኤል ቢሮ አስጠራኝ። ሲስተር ፋናዬም አሉ። ቻርቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አሁን ወጣ፣ አለቀልኝ ብዬ ነው የገባሁት።

«አይቼዋለሁ» አለ። «ንጹሕ ነው። ምሳ ተመዝግቧል፣ ስኳር ተመዝግቧል፣ የደወልሽበት ሰዓት ተመዝግቧል። ሽማግሌ ናቸው፣ ቁስሉ ወደ ደም ገብቶ ነበር፤ ሰውነት አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል። ሲስተር ኢክራ፣ በርቺ። ቋሚ እንድትሆኚ ጽፌልሻለሁ።»

ስሜን ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። ያ ሁሉ ወር የናፈቀኝ ነገር! ሲስተር ፋናዬ ወለሉን ነበር የሚያዩት።

በሩ ተንኳኳ። ዘኪያ ናት። ጥቁር ሻርፕ ለብሳለች፤ ፊቷ ከስቷል። የአባቷን ወረቀቶች ልትወስድ ነው የመጣችው። በእጇ አንድ ካርቶን ቴምር ይዛለች፤ «ለሠራተኞቹ ማፍጠሪያ» ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዶክተሩ ነፍስ ይማር ብሎ ወንበር ሰጣት። አልተቀመጠችም።

«ለፍታችኋል» አለች። «አላህ ይስጣችሁ። እኔን አንድ ነገር ነው የሚያጽናናኝ። ሱቅ ይዤ ቁጭ ብዬ አላስታመምኩትም፤ ግን የሠራሁለትን ምሳ እስከ መጨረሻው ቀን በልቶልኛል። ምሳ ዕቃው ባዶውን ነበር የሚመለስልኝ።»

«አዎ» አለ ዶክተሩ። «ተመዝግቧል።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ደሜ ፈላ። በእሱ ላይ ይሁን በራሴ ላይ እስካሁን አልለየሁትም።

«አልበሉም» አልኩ።

«ሲስተር» አለ ዶክተሩ።

«አልበሉም! ጾመው ነበር። ምሳውን የሚበሉት ማታ ነው። እኔ አውቅ ነበር። በልተዋል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ኢንሱሊኑን የወጋሁት እኔ ነኝ፤ በስልክ ሲጠይቁኝም አዎ ያልኩዎት እኔ ነኝ። ፈርቼዎት ነው! አራተኛ ቀኔ ላይ በሰው ፊት አዋረዱኝ፤ ከዚያ ወዲህ እርስዎ ፊት ቁጥር እንጂ ቃል አይወጣኝም። ያን ቻርት ንጹሕ አይበሉት። ውሸት ነው ያለበት። እኔ የጻፍኩት ውሸት፣ እርስዎ ቀና ብለው በሽተኛውን ሳያዩ ያመኑት ውሸት!»

ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። አልተንቀጠቀጠም። የዶክተሩ ፊት አመድ ሆነ። ሲስተር ፋናዬ በእጃቸው ግንባራቸውን ያዙ። እኔን ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀለለኝ። ተናገርኩት እኮ! ፊቱ ቆሜ፣ ዓይኑን እያየሁ ተናገርኩት! ለአንድ አፍታ ኩራት ነገር ተሰማኝ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ዘኪያ ዶክተሩን ዞር ብላም አላየችው። እኔን ነው የምታየኝ።

«እሱን ፈራሽው። ይሁን» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «እኔ በየቀኑ ደረጃው ላይ አገኝሽ አልነበር?»

ይህን እስካሁን አልነገርኳችሁም። አዎ፣ ታገኘኝ ነበር።

«'እህቴ፣ አባቴ ትናንት በላልኝ ወይ?' እልሽ አልነበር? 'ሙልጭ አድርገው ነው የጨረሱት' እያልሽ ትስቂልኝ አልነበር? ብትነግሪኝ ሱቁን ዘግቼ፣ እግሩ ላይ ተደፍቼ አጎርሰው ነበር። የኔን እምቢ ብሎ አያውቅም። እኔ ሐኪም ነኝ እንዴ? እኔን ምን ብለሽ ፈራሽኝ?»